በዜማ የተነበበው ሰሌዳ

አክስቴ በየጠዋቱ ከአልጋዋ ሳትወርድ ቀኝ እጇን ወደ ፊቷ ታነሣና ጣቶቿን ዘርግታ ትመለከታለች። ፊት ለፊት አይደለም የምታያቸው። አንገቷን ትንሽ ወደ ግራ ትመልስና፣ ጎረቤቱን በስርቆት እንደሚያይ ሰው፣ በዓይኗ ጥግ ነው። ከዚያ ለራሷ ዝቅ ባለ ድምፅ «አሉ» ትላለች። ጫማዋን በእግሯ ዳብሳ ፈልጋ ትነሣለች።

የምንተኛው አንድ ክፍል ውስጥ ስለሆነ ይህን ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ጸሎት ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ምን እንደሆነ ጠየቅኳት።

«ጣቶቼ ናቸዋ። ማታ የነበሩት ሁሉ ዛሬም መኖራቸውን ልይ ብዬ ነው።»

«ባይኖሩስ?»

«ባይኖሩማ ተመልሼ እተኛለኋ።»

የዓይኗ ነገር እንዲህ ነው። ዳር ዳሩ አለ፤ መካከሉ የለም። ሰው ስታይ ጆሮውንና ጸጉሩን ታያለች፤ አፍንጫው ባለበት ቦታ ግን አንድ ሰው አውራ ጣቱን የጫነበት ያህል ጥቁር ነገር ተቀምጧል። ወደዞረችበት አብሯት ይዞራል። አንድን ነገር አጥብቃ ለማየት በፈለገች ቁጥር፣ ያ የፈለገችው ነገር ነው የሚጠፋባት። «አፍንጫሽን ካየሁት ዓመት አለፈኝ» ትለኛለች፤ «ደግነቱ ያን ያህል የሚናፍቅ አልነበረም።»

እትዬ ነው የምላት። የእናቴ ታላቅ እህት ናት፤ እናቴ ስትሞት ወስዳ ያሳደገችኝ እሷ ናት። በሠራችበት የልብስ ስፌት ፋብሪካ ግን ሁሉም የሚያውቃት «መርፌ» በሚለው ቅጽል ነው። ቀጭን ስለሆነች ነው የሚሉ አሉ፤ ምላሷ ስለሚወጋ ነው የሚሉም አሉ። እሷ ሁለቱንም አልካደችም።

ሥራዋ የሸሚዝ ኮሌታ መስፋት ነበር። ኮሌታ ሲሰፋ መጀመሪያ ውስጡ ወደ ውጭ ነው የሚሆነው። ከዚያ የማዕዘኑ ትርፍ ጨርቅ ይከረከማል፤ ይገለበጣል፤ ጫፉ በደነዘዘ እንጨት ከውስጥ ተገፍቶ ሹል እንዲሆን ይደረጋል፤ በመጨረሻ ከላይ ዳር ዳሩን ይሰፋል። ሁለቱ ጫፎች መንታ መሆን አለባቸው። መንታ ካልሆኑ፣ ትላለች እትዬ፣ ሸሚዙን የለበሰው ሰው ምክንያቱን ሳያውቀው ቀኑን ሙሉ አንገቱን ወደ አንድ ወገን አጋድሎ ይውላል። እስከ ዛሬ እንግዳ ወደ ቤታችን ሲመጣ ሰላም ካለችው በኋላ እጇ ወደ ኮሌታው ይሄዳል። ሰዎች ፍቅር ይመስላቸዋል። ቁጥጥር ነው።

ከእሷ የስፌት መኪና ፊት ለፊት ቁልፍ የምትሰፋው ጓደኛዋ ትቀመጥ ነበር። እሷን «ራዲዮ» ነው የሚሏት፤ ዝም ብላ አታውቅማ። ሲያሰኛት ትዘፍናለች፣ ሲደክማት ዜና ታወራለች፣ ምንም ወሬ ካጣች የራሷን ሐሳብ ጮክ ብላ ታስባለች። የመኪናው ሁሉ ጩኸት አያሸንፋትም። «የዚች ባትሪ መቼ ነው የሚያልቀው?» ይላሉ ካቦው። «ደሞዝ ሲጨመር» ትላቸዋለች።

ራዲዮ ልጅ ሆና ታማ ግራ ዓይኗ ደክሞ ቀርቷል። መነጽር የሚያቀናው ድካም አይደለም። ቀኙ ደህና ስለሆነ በሥራዋ ላይ ያመጣባት ችግር አልነበረም፤ ቁልፍ ለመስፋት አንድ ዓይን ይበቃል፣ ከበቃም በላይ ነው። የፋብሪካው ደንብ ግን አይበቃም ይላል። በዓመት አንድ ጊዜ ሠራተኛው ሁሉ ወደ ክሊኒኩ ክፍል ይጠራል፤ አንዱን ዓይን በመዳፉ ከድኖ በሌላው ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የዓይን መመርመሪያ ሰሌዳ ያነባል፤ ከዚያ ይቀይራል። ሰሌዳው ላይ ፊደል የለም። ሦስት ጥርስ ያላት ሹካ የምትመስል ምልክት ናት፤ አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች እየዞረች፣ ከመስመር ወደ መስመር እያነሰች ትወርዳለች። ነርሷ በዘንግ መታ እያደረገች «ሹካዋ ወዴት ትመለከታለች?» ትላለች። ሁለቱም ዓይኖቹ ከታች ሁለተኛ እስከሆነው መስመር ድረስ ያላነበቡለት ሰው ከመኪናው ይነሣል። ከመኪና የተነሣ ደግሞ ሌላ ቦታ አይሰጠውም።

ራዲዮ በተቀጠረች በመጀመሪያው ዓመት፣ ምርመራው ሲቃረብ፣ መጸዳጃ ቤት ገብታ ስታለቅስ እትዬ አገኘቻት። ያን ጊዜ የእትዬ ዓይን የጭልፊት ነበር። ራሴን አመመኝ ብላ ወደ ክሊኒኩ ሄደች፤ ነርሷ ክኒን እስክትፈልግላት ድረስ ሰሌዳውን ግማሹን ያዘችው። በማግስቱ ሆዴን ብላ ሄዳ ግማሹን ጨመረች። መጥታ ለራዲዮ ነገረቻት። ራዲዮ ግን ያለ ዜማ የሰማችው ነገር ከጆሮዋ አያልፍም። ስለዚህ ዜማ አወጣችለት፤ ቁልፎቿን እየሰፋች ስትዘፍነው ዋለች።

ቀኝ ሄደች፣ ላይ ወጣች፣ ግራ ዞራ ቀረች፤
ታች ወርዳ፣ ታች ደግማ፣ ቀኝ ተሰወረች።

እንዲህ እያለ እስከ ታችኛው መስመር ይወርዳል። ካቦው የፍቅር ዘፈን መስሏቸው ወደዱት። አንድ ቀን ከኋላቸው ቆመው ሰምተው፣ «ይቺ ልጅ ግን እግሯ አያርፍም እንዴ? እንዲህ ስትዞር ማን ሊያገባት ነው?» አሉ።

«አግብቷትማ ነው የምትሸሸው» አለቻቸው ራዲዮ።

ዜማው ከአንዷ መኪና ወደ ሌላዋ ተሻገረ። ዓይኗ ደህና የሆነውም ያልሆነውም ያዘው፤ አዲስ የምትቀጠር ሴት ከመቀሷ ጋር እሱንም ትረከብ ነበር። ሰሌዳው እዚያው ግድግዳ ላይ፣ ጠርዙ ቢጫ እየሆነ፣ ሳይለወጥ ዓመታት ተቀመጠ። ራዲዮም በዚያ ዜማ ሦስት ልጆች አሳደገች።

የእትዬ ዓይን መካከሉ መጥፋት ሲጀምር ለማንም አልተናገረችም። ለራዲዮ ያመጣችው ነገር ለራሷ ሆነ። «ለሰው የሰፋሁትን ሸሚዝ እኔው ለበስኩት» ትላለች። ሰሌዳውን በቃሏ እያለች፣ ኮሌታውን በአውራ ጣቷ እየዳበሰች ብዙ ቆየች። ጨርቁ ነጭ ክሩም ነጭ በሆነ ጊዜ ጣቷ ከዓይኗ ይሻል ነበር። በመጨረሻ ሐሳቧን ያስለወጣት መርፌው ነው። መኪናው ላይ ጎንበስ ብላ እየሰፋች መርፌው በጥፍሯ ገብቶ በሌላ በኩል ወጣ። ራዲዮ ናት መኪናውን ያቆመችው። «መርፌ በመርፌ ተወጋች» ብለው ሊያስቋት ሞከሩ፤ አልሳቀችም። በዚያው ሳምንት ሥራዋን ለቀቀችና ከመንግሥት የጤና ጉድለት ጡረታ አመለከተች። የዓይን ሆስፒታሉ ሐኪም የሁለቱም ዓይኖቿ መካከል እንደሞተና እንደማይመለስ ጽፎ ሰጣት። ከዚያ ወረቀት ጋር ወደ ሕክምና ቦርድ ተላከች።

እኔ ኮሪደሩ ላይ ቦርሳዋን ይዤ ቆየሁ። ስትወጣ ፊቷ ላይ አንድ ብርሃን ነበር፤ ፈተና ያለፈ ተማሪ ፊት።

«እንዴት ነበር?» አልኳት።

«ጨረስኩት» አለችኝ፤ ቀጥላም፣ ደረጃው ላይ ስንደርስ፣ «ወይኔ» አለች።

ውሳኔው ሲመጣ እኔ አነበብኩላት። የአመልካች የማየት አቅም ለሥራ ብቁ ሆኖ ስለተገኘ ጥያቄያቸው ውድቅ ተደርጓል ይላል። እትዬ ሳቀች። «አልፈሻል በይኛ» አለች። ከዚያ እስከ አሁን የጻፍኩትን ሁሉ፣ ክሊኒኩንም ዜማውንም፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ነገረችኝ። ቦርዱ ክፍል ውስጥ የተሰቀለው ሰሌዳ ያው የፋብሪካው ዓይነት ነበር። ሐኪሙ በዘንግ መታ አድርጎ «ሹካዋ ወዴት ትመለከታለች?» አላት።

«ነጭ የለበሰ ሰው እንዲያ ሲለኝ አፌ ከእኔ ቀድሞ ሮጠ» አለች። «ይህን ሁሉ ዓመት ካላነበብሽ ትባረሪያለሽ ስለው የኖርኩት አፍ ነው። ዛሬ ካነበብሽ ትከለከያለሽ ቢሉት ከየት ይስማ?»

«መሃል ላይ ለምን አላቆምሽም?»

«መሃል ላይማ ነቃሁ። ግን አየሽ፣ መሃል ላይ ማቆም ውሸታም ያስመስላል።»

ይግባኝ ለማስገባት አብረን ሄድን። ማመልከቻ ከሚቀበሉበት መስኮት ኋላ ያለው ወጣት ደግ ነበር። «ይግባኙ ምክንያት ይፈልጋል እናቴ» አላት፤ «አዝኛለሁ ማለት ምክንያት አይሆንም።» ቤት ተመልሰን ወረቀት አወጣሁ። እትዬ ከአልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ «ዩኒቨርሲቲ ግጥም ነው አይደል ያስተማሩሽ?» አለችኝ። «ለዚች ማመልከቻ እንኳ ቤት እንዳትመቺላት።» ከዚያ ድምጿ ተለወጠ። «ሰሌዳውን በቃሌ ይዤው ነበር በይ። እኔ። ሌላ ሰው የለበትም።»

ይግባኝ ሰሚዎቹ ሦስት ነበሩ። ሰብሳቢዋ ጉንፋን ይዟቸው በየመሃሉ ይሳላሉ፤ ከጎናቸው አንድ ሽማግሌ ሐኪም፣ ከጫፍ ደግሞ ቃለ ጉባኤ የሚጽፍ ሰውዬ። ከኋላቸው ሰሌዳው ተሰቅሏል። እትዬ የምትቀመጥበትን ወንበር ጀርባ በእጇ ለክታ ተቀመጠች፤ ያንን ስታደርግ ማንም አላያትም፣ ሐኪሙ ወረቀት ይገልጡ ነበር።

«ሁለት ወረቀት ነው ያለኝ» አሏት ሐኪሙ። «አንዱ አያዩም ይላል፤ አንዱ እስከ ታችኛው መስመር አነበቡ ይላል። አንዳቸው ይዋሻሉ።»

«ወረቀቶቹ አልዋሹም ጌታዬ። እኔ ነኝ።»

ፊትዎን ወደ በሩ አዙረው በቃልዎ ይበሉት አሏት። አለችው፤ ያለ ዜማ፣ እንደ አድራሻ። አንዱንም አልሳተችም። ሐኪሙ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይህን ከውሳኔው በኋላም ቁጭ ብለው ሊያጠኑት ይችሉ ነበር። ዛሬ አላይም ማለት ይቀላል።» ክፋት አልነበረባቸውም፤ ብዙ ሰው ዋሽቷቸው የሰለቹ ይመስሉ ነበር።

ሰብሳቢዋ ወደ እሷ ጎንበስ አሉ። «ከዚያ በፊት ያውቁት እንደነበር የሚመሰክርልዎ ሰው አለ? አብራዎት የሠራች?»

«የለም።»

«ይህን ሁሉ ዓመት ሠርተው አንድ ሰው የለም?»

«የለም አልኩ እኮ እመቤቴ።»

እኔ አፌን ልከፍት ነበር። ሰው ፊት መናገር ድሮም አልችልበትም፤ የዚያን ቀን ግን የተውኩት እትዬ ክንዴን ይዛው ስለነበር ነው። ሰብሳቢዋ ለሳምንት ቀጠሩን። ምስክር ካልቀረበ በእጃችን ባለው እንወስናለን አሉ።

ወደ ቤት ስንሄድ ክርኔን ይዛ ነበር።

«ራዲዮን እያሰብሽ ነው» አለችኝ።

«ምንም አላልኩም።»

«ክርንሽ ተናገረ።» መንገዱን ተሻገርን። «ለምስክርነት ከመጣች ፋብሪካው ይሰማል። ከሰማ ሰሌዳውን ይቀይራል። ከቀየረ ራዲዮ የለችም። ሦስት ልጅ በአንድ ዓይን ነው የምታሳድገው፤ እሱን እኔ አላጠፋውም።»

«ጡረታው ካልተፈቀደስ?»

«ያኔማ ለሰፈሩ ሰው ኮሌታ በጣቴ እሰፋለሁ።»

«አትችይም እትዬ።»

«አልችልም» አለች።

በዚያ ሳምንት አንድ ቀን ሥራ ፍለጋ ወጥቼ ሳይመሽ ስመለስ፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ አገኘኋት። አንድ አሮጌ ሸሚዝ ጭኗ ላይ ዘርግታ ኮሌታውን ፈትታ እንደገና እየሰፋችው ነበር። የእግሬን ድምፅ ስትሰማ ከትራሷ ሥር ደበቀችው። እሷ ሳትኖር አውጥቼ አየሁት። አንደኛው ጫፍ ሹል ነው፣ ሌላኛው እንደ ጆሮ ክብ። ወደ ቦታው መለስኩት። ስለ እሱ እስከ ዛሬ አልተነጋገርንም።

እሁድ ራዲዮ እንደ ልማዷ መጣች። በሩን ሳታንኳኳ ነው የምትገባው።

«መርፌ፣ የት ወደቅሽ?»

«የምትረግጪው ቦታ።»

«ምን አሉሽ ሰዎቹ?»

«እናስብበታለን አሉ።»

«ውሸታም። ስትዋሺ ድምፅሽ ይቀጥናል፤ ድሮም ከወፍራም የተሠራ አይደለም።» ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ ንገሪኝ ጸጥተኛዋ።»

እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። ራዲዮ መሬቱንም እኔንም አየችና ወንበር ስባ ተቀመጠች። ዝም አለች። ራዲዮ ዝም ስትል ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያኔ ነው።

«ምስክር አምጪ አሉኝ» አለች እትዬ በመጨረሻ። «የለኝም አልኳቸው።»

«እኔ ሞቼ ነው?»

«አንቺ ሥራ ላይ ነሽ።»

«ሰሌዳውን ማን አስያዘኝ?»

«ረስቼዋለሁ።»

«እኔ አልረሳሁትም። ራሴን አመመኝ፣ ሆዴን አመመኝ እያልሽ የዋጥሽው ክኒን ነው እስከ ዛሬ እኔን ያሻለኝ።»

«ራዲዮ፣ ሂሳብ ልንተሳሰብ አይደለም። አትምጪ።»

«እሺ።»

«በእናትሽ።»

«እሺ አልኩሽ እኮ፣ ደረቅ። አልመጣም።» ተነሥታ እትዬን ግንባሯ ላይ ሳመቻት። ስትወጣ እስከ ግቢው በር ድረስ ጆሮዬን ጣልኩ፤ አልዘፈነችም።

በቀጠሮው ቀን ጉባኤው ገና ሲጀምር በሩ ተከፈተ። «ይቅርታ፣ ይግባኝ የሚሰማበት ቤት ይሄ ነው?» የሚል ድምፅ መጣ። እትዬ ዓይኗን ጨፈነች። ራዲዮ ሰማያዊ የሥራ ጋዋኗን ሳታወልቅ ነበር የመጣችው፤ ደረቷ ላይ ክር ተጣብቆባታል። ለሠላሳ ደቂቃ ፈቃድ ጠይቄ ነው የወጣሁት አለች።

ሰብሳቢዋ አስጠነቀቋት። የምትሰጠው ቃል ይጻፋል፤ ለማጣራትም ወደ ፋብሪካው ደብዳቤ ይሄዳል። ገብቶዎታል ወይ አሏት።

«ገብቶኛል።»

«እንግዲያው ፊትዎን ወደ በሩ አዙረው ሰሌዳውን ይበሉት» አሉ ሐኪሙ።

«በደረቁ አልችልም ጌታዬ፤ በዜማ ነው የማውቀው።»

ሐኪሙ ሰብሳቢዋን አዩ፤ ሰብሳቢዋ ሳሉ። «በዜማም ቢሆን ይበሉት» አሉ።

ራዲዮ ዘፈነች። ቀስ ብላ፣ ሕፃን እንደምታስተኛ ሴት። ጸሐፊው ማስመሪያ ይዞ ተነሣና ከሰሌዳው ላይ መስመር በመስመር ተከተላት። እስከ ታች ስትደርስ ማስመሪያውን ወደ ሐኪሙ አሳየ፤ ልክ ነው ማለቱ ነው። ሐኪሙ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ይህን ስንት ሰው ያውቀዋል?»

«የማታውቀው የምትመረምረን ነርስ ብቻ ናት።»

ሰብሳቢዋ ሲስቁ ሳሉ፤ እያሳላቸው ሳቁ። ራዲዮ ሰዓቷን አየችና ፈቃዴ አለቀ ብላ ሄደች። በእትዬ በኩል ስታልፍ ትከሻዋን ነካ አደረገቻት።

ጡረታው ተፈቀደ። የመጀመሪያውን ለመቀበል ስንሄድ ያ የመስኮቱ ወጣት «እንኳን ደስ አለዎት እናቴ» አላት፤ እትዬ ደግሞ ኮሌታውን ዳብሳ «ያንተ ደህና ነው» አለችው።

ፋብሪካው ወዲያው አልነቃም። ደብዳቤው ደርሶ እስኪነበብ ወራት አለፉ፤ ሁላችንም የተረሳ መሰለን። ከዚያ የዓመቱ ምርመራ ቀን ሲመጣ አሮጌው ሰሌዳ ወርዶ፣ በየጊዜው ምልክት የሚቀያይር መብራት ያለው ሳጥን ተተክሎ ጠበቃቸው። ራዲዮና ሌሎች ሁለት ሴቶች ከመኪናቸው ተነሡ። ከሁለቱ አንዷን እትዬ አታውቃትም፤ ከእሷ በኋላ የተቀጠረች ልጅ ናት።

ራዲዮም በዚያው መስኮት አመለከተች። ቦርዱ በደንብ መረመራት፤ አንድ ደህና ዓይን ስላላት አይገባትም አላት። ይግባኟን እኔ ጻፍኩላት፤ እሱም ውድቅ ሆነ። ለፋብሪካው አንድ ዓይን ጎደላት፤ ለመንግሥት አንድ ዓይን በዛላት። አሁን ሰፈሯ ካለ አንድ ልብስ ሰፊ ሸሚዝ እየተቀበለች ቤቷ ቁልፍ ትሰፋለች። ትልቁ ልጇ ትምህርቱን አቋርጦ ሥራ ገብቷል። እትዬ ከጡረታዋ ላካፍልሽ ብትላት፣ «አንቺ ዓይንሽን ከፍለሽ ያገኘሽውን እኔ አልበላም» አለቻት፤ ነገሩም በዚያው ተዘጋ።

እሁድ እሁድ ትመጣለች፤ አልቀረችም። ስለ ልጆቿ ታወራለች፣ ስለ ልብስ ሰፊው ንፉግነት ታወራለች፣ እትዬን ትሰድባለች፣ ትሰደባለች። አትዘፍንም ግን። አንድ ቀን አፌ አምልጦኝ ጠየቅኳት። «ባትሪዬን እየቆጠብኩ ነው» አለችኝ። እትዬ ያን ሰዓት ተነሥታ መስኮቱን ልትከፍት ሄደች፤ መስኮቱ ክፍት ነበር።

ራዲዮ ስትሄድ እትዬ ለብዙ ሰዓት ትቀመጣለች። አንዳንዴ፣ «ባላመለከትኩ ኖሮ» ትላለች። «አንቺ አልጠራሻትም እኮ እትዬ» እላታለሁ። «አዎ፣ አልጠራኋትም» ትለኛለች። ወሬው ሁልጊዜ እዚያ ላይ ነው የሚቆመው፤ ለምን እዚያ ላይ እንደሚቆም ለረጅም ጊዜ አልገባኝም ነበር።

ይህን ልጻፈው ወይ ብዬ ስጠይቃት ወዲያው እሺ አላለችም። ቀናት ቆይታ፣ ልብስ እያጠፍን ሳለን፣ ራሷ አነሣችው። «ጻፊው» አለችኝ። «ሰሌዳውንም፣ ስዋሽ መኖሬንም፣ ከትራሴ ሥር ያገኘሽውንም ጻፊ፤ ማየትሽን አውቃለሁ። ራዲዮ አትምጪ ብያት በራሷ እንደመጣችም ጻፊ፤ እውነት ነው። አንድ ነገር ብቻ ተይልኝ።»

ልተወው ግን አልቻልኩም። የምትለውን እኔም ክፍሉ ውስጥ ሆኜ አይቼዋለሁ፤ ያየሁትን ግን አላወቅኩትም ነበር። ራዲዮ ያን ቀን ዜማውን በአንድ ትንፋሽ አልጨረሰችውም። መሃል ላይ ቆማለች። ጸሐፊው ማስመሪያውን እንደያዘ ዞሮ አያት። ረሳችው ብዬ አሰብኩ፤ ሰብሳቢዋም እንደዚያው ሳያስቡ አልቀሩም፤ በለሰለሰ ድምፅ፣ «ካልቻሉ እዚህ ላይ ማቆም ይችላሉ፤ ማንም አይቀየምዎትም» አሏት። ራዲዮ በሩን እያየች ዝም አለች። እትዬ ፊቷን ማየት አትችልም። ግን ያን ሁሉ ዓመት ፊት ለፊቷ ተቀምጣ ስትዘፍን ሰምታታለች፤ የት ላይ እንደምትተነፍስ ታውቃለች።

«ረስታ አልነበረም» አለችኝ፣ እጇ ላይ ያለውን ሸሚዝ ሳታጥፍ እንደያዘችው። «ራዲዮ ያንን በእንቅልፍ ልቧ አትረሳውም። ልጆቿ ትዝ ብለዋት ነው። ልትተወው ነበር፤ አውቄያለሁ። እሷ ግን ረስቼ መርፌ ደረሰችልኝ ብላ ነው ለሰው የምታወራው።»

ያኔ፣ ጉባኤው ፊት፣ እትዬ ከወንበሯ ሳትነቃነቅ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ የሚቀጥለውን ቃል አቀበለቻት።